የጅማን ቡና ከመሬት ማንሳት

«ጅማ 5» ሲባል ነጋዴው የሚያስበው ደረጃው ዝቅ ያለ ደረቅ ቡና ነው። ስሙን ያጎደፈው ግን ዛፉ አይደለም። በጎማም በማናም በጌራም ወረዳ ዋንዛና ሰሳ ጥላ ሥር የሚያፈራው ቡና ምንም እንከን አይወጣለትም፤ የሚበላሸው ከተለቀመ በኋላ፣ ደጅ አፈር ላይ ሲሰጣ ነው።

ለቀማው ላይ ቅርንጫፉን ጨብጦ መግፈፍ ይቅር። ቀዩን ብቻ እየመረጡ አንዱን ዛፍ 3 ወይም 4 ጊዜ መመላለስ ያስፈልጋል። ጥሬው ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ሲቆላም ገርጥቶ ይቀራል። የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 ከገባ በኋላ ጅማ አጠገብ መልኮ ያለው የምርምር ማዕከል በሽታውን እንዲቋቋሙ ያወጣቸው 74110 እና 74112 የተባሉ የቡና ዝርያዎች ቁመናቸው እምቅ ስለሆነ ለለቃሚ ይመቻሉ። መሬት የወደቀው ፍሬ ለብቻው ይያዝ።

የተለቀመው በዚያው ቀን ውሃ ውስጥ ይገባል። የተንሳፈፈው ባዶ ወይም ተባይ የበላው ነውና ተገፎ ይወጣል። እሸቱ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ካደረ ይሞቃል፣ ይኮመጥጣል፤ ያ ሽታ እስከ ሲኒው ድረስ አይለቅም።

ቡናው የሚሰጣበት የማድረቂያ አልጋ ከመሬት ከ80 ሴንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ከፍ ይበል። ስፋቱ ከ1.5 ሜትር አይለፍ፣ ከሁለቱም ወገን እጅ መሃሉ ላይ መድረስ አለበትና። ላዩ ሽቦ ወይም የቀርከሃ ምንጣፍ ይሁን፤ ዋናው ነገር ከሥር አየር ማለፉ ነው። ለ1 ካሬ ሜትር አንድ ፈረሱላ፣ ማለትም 17 ኪሎ እሸት ይበቃል፤ ውፍረቱ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከዚያ ሲወፍር ሥሩ ያለው ይሻግታል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት በየሰዓቱ ማገላበጥ ነው፤ ለቀማ ላይ ያመለጠ ጥሬም እዚያው ይለቀማል። የጥቅምት ዝናብ እዚህ አገር ድንገተኛ ስለሆነ ላስቲኩ ከአልጋው አጠገብ አይጥፋ። ላስቲክ ግን ቡናውን መንካት የለበትም፤ ላብ ያመጣል። ከላይ እንደ ድንኳን ወጥሮ ጎንና ጎኑን ክፍት መተው ነው። ማታ ለጤዛ ይሸፈናል፣ ጠዋት ጤዛው ሲነሣ ይገለጣል። ከሁሉ የከፋው ግማሽ የደረቀ ቡና እንደገና መራሱ ነው፤ ሻጋታው የሚጀምረው ያኔ ነው።

እንደ ፀሐዩ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይወስዳል። ጀንፈሉን፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀውን ቡና፣ ጨብጠው ጆሮ አጠገብ ሲነቀንቁት ይንኮሻኮሻል? ጥቂቱን ፈልፍለው ፍሬውን ይንከሱት፦ ጥርስ ከሰመጠበት ገና ነው። የእርጥበት መለኪያ ካለ ከ11 እስከ 12 በመቶ ላይ ይነሣ። ከ10 በታች ከወረደ ሲፈለፈል ይሰበራል፣ ሚዛንም ይጎድላል።

ጀንፈሉ እስኪሸጥ ድረስ ገለባው አይነካ፤ መከላከያው እሱ ነው። በጆንያ ሆኖ ከወለልና ከግድግዳ በራቀ ርብራብ ላይ ይደርደር። ናፍጣ፣ በርበሬና ቆዳ ያለበት ጎተራ አይሆንም፣ ቡና የጎረቤቱን ሽታ ይጠጣል።

ሰብሳቢ ነጋዴ እሸቱን ልግዛ ሲል ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 3 ኪሎ እሸት 1 ኪሎ ጀንፈል ገደማ ይወጣዋል፣ 1 ኪሎ ጀንፈልም ግማሽ ኪሎ ንጹሕ ቡና። የእሸቱን ዋጋ በ3 አባዝቶ ከጀንፈሉ ዋጋ ጋር ያስተያዩት፤ ልዩነቱ የማገላበጡን ድካም የማይከፍል ከሆነ እሸቱን በዚያው ቀን መሸጥ ይሻላል።