ኮንቴይነሩ አልዘጋ ሲል፣ ሎጉም ሲጠፋ፦ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ፖዱን፣ ማለትም ፕሮግራማችሁ ያለበትን የኮንቴይነር ጥቅል፣ በዘጋችሁት ቁጥር ልክ 30 ሰከንድ ይፈጃል? እንግዲያው ፕሮግራማችሁ እየተዘጋ ሳይሆን እየተገደለ ነው።

በዚህ ነገር ትዕግስቴ አልቋል። ኮንቴይነሮችን የሚያስተዳድረው ኩበርኔቲስ ፖድ ሲያቆም መጀመሪያ ሲግተርም የሚባል የመዝጊያ ምልክት ይልካል። "የጀመርከውን ጨርሰህ ውጣ" ማለቱ ነው። ሌላ ካልተነገረው 30 ሰከንድ ይታገሳል። ከዚያ አስገድዶ የሚገድለው ሲግኪል ይመጣል፤ እሱ ልመና አይሰማም። ችግሩ ያለው ማስነሻ ስክሪፕቱ ላይ ነው። ስክሪፕቱ መጨረሻ ላይ ፕሮግራሙን እንዲሁ ከጠራው ፒአይዲ 1፣ ማለትም የኮንቴይነሩ የመጀመሪያ ፕሮሰስ፣ ስክሪፕቱን የሚያስኬደው ሼል (ለምሳሌ ባሽ) ይሆናል፤ ፕሮግራሙ ደግሞ ልጁ። ሼሉ ሲግተርሙን ለልጁ አያሳልፍም። ራሱም አይሞትም፤ ሊኑክስ ላይ ፒአይዲ 1 ራሱ ተቀባይ ካላዘጋጀ ሲግተርም አይነካውም።

እኔስ ምን አደረግኩ? 30ውን 60 አደረግኩት። አዘጋጉ 60 ሰከንድ ሆነ! 120 ላስገባ ስል ነው አንድ ባልደረባዬ "እስቲ ፒአይዲ 1 ማን እንደሆነ እይ" ያለኝ። ባሽ ቁጭ ብሏል። መድኃኒቱ የመጨረሻው መስመር ፊት ኤግዜክ የምትል አንዲት ቃል ነበረች። ያኔ ሼሉ ቦታውን ለፕሮግራሙ ይለቃል። ግን ፕሮግራሙም ሲግተርምን የሚቀበል ኮድ ያስፈልገዋል፤ አለዚያ ያው ናችሁ።

የመውጫ ኮዱ 137 ሆኖ ባያችሁ ቁጥር "ሜሞሪ አነሰው" አትበሉ። 128 ሲደመር 9 ነው፤ 9 የሲግኪል ቁጥር ነው። ገዳዩ ሜሞሪ ከሆነ የፖዱ ዝርዝር ላይ ኦኦኤምኪልድ ተብሎ ይጻፋል። ካልተጻፈ ወደ ላይኛው አንቀጽ ተመለሱ።

ልጅ ፕሮሰስ የሚያበዛ ፕሮግራም ካላችሁ ቲኒ የሚባለውን ትንሽ ማስነሻ ፕሮግራም ፒአይዲ 1 አድርጉት። ዞምቢዎቹን፣ ማለትም ሞተው ከዝርዝሩ ያልወጡትን ልጆች፣ እሱ ይለቅማል።

ሎግ ኮንቴይነሩ ውስጥ ፋይል ላይ አትጻፉ። አብሮ ይሞታል።

"ሎጉ ከመውደቁ በፊት ያለውን አያሳይም" የሚሉኝ ጀማሪዎች ግን ያሳዝኑኛል፤ እኔም አንድ ሌሊት አድሬበታለሁ። ፓይተን ውጤቱ ወደ ስክሪን ካልሄደ ጽሑፉን ያጠራቅማል እንጂ ወዲያው አይለቅም። ሲግኪል ሲመጣ የተጠራቀመው አብሮ ይጠፋል፤ የምትፈልጉት መስመር ደግሞ ሁልጊዜ እዚያ ውስጥ ነው። ማጠራቀሙን አጥፉት። ኮንቴይነሩ ዳግም ተነስቶ ከሆነም የምታዩት የአዲሱን ሎግ ነው። የሟቹን ለማየት ሎግ በሚያሳየው የኩብሲቲኤል (የኩበርኔቲስ ማዘዣ መሣሪያ) ትዕዛዝ ላይ ፕሪቪየስ የሚለውን አማራጭ ጨምሩ።

ኩብሌት፣ በየማሽኑ ላይ ያለው የኩበርኔቲስ ወኪል፣ ሌላ ካልተነገረው የሎግ ፋይሉ 10 ሜጋባይት ሲሞላ ሌላ ይከፍታል፤ ኩብሲቲኤል የሚያነብላችሁ የመጨረሻውን ብቻ ነው። ከቀድሞዎቹ የቅርቦቹ ጥቂቶች ማሽኑ ላይ አሉ፤ ወዲያው ጠፉ ብላችሁ አትደንግጡ።

በጄሰን ቅርጽ የተጻፈ ረጅም የሎግ መስመርም አለ። ኮንቴይነሩን የሚያስኬደው ኮንቴይነርዲ ሌላ ካልተነገረው ከ16 ኪሎባይት ያለፈውን ይቆራርጠዋል። ሎግ ሰብሳቢው ፕሮግራም ቁርጥራጮቹን እንዲገጥም ካልተነገረው "ጄሰኑ ተበላሽቷል" ይላል፤ እናንተም ደህና ኮድ ስታገላብጡ ትውላላችሁ።