አሻራ ከመስጠትዎ በፊት፦ በሐዋሳ ለሥራ «ከወንጀል ነፃ» ማስረጃ ስለማውጣት

ብዙ የሥራ ማስታወቂያዎች መጨረሻ ላይ «ከወንጀል ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ማቅረብ የሚችል» የምትል መስመር አለች። ባንክ፣ የጥበቃ ድርጅት፣ ትምህርት ቤትና ግብረ ሰናይ ድርጅት በተለይ ይህችን መስመር አይዘሏትም። አመልካቹ ይህን ባነበበ ማግሥት ወደ ፖሊስ ይሮጣል። ከመሮጥ በፊት ግን ቀጣሪውን አንድ ነገር መጠየቅ ይበጃል፦ የምትፈልጉት የክልል ነው የፌዴራል?

ጥያቄው የሚጠቅመው ማስረጃው ምን እንደሚናገር ካወቁ ነው። ወረቀቱ ስለ ሰውዬው ጠባይ አይመሰክርም። የሚናገረው በተጻፈበት ቀን፣ ያንን ወረቀት የሰጠው ተቋም ባገላበጠው መዝገብ ላይ በዚህ ሰው ስምና አሻራ ምን እንደተገኘ ብቻ ነው። ስለዚህ ከክልል ፖሊስ የወጣ ማስረጃ ይዞ መጥቶ «የፌዴራል አምጣ» መባል ያጋጥማል፤ ያኔ ሌላ ክፍያ፣ ሌላ ቀጠሮ፣ አዲስ አበባ ድረስም 275 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ። ለውጭ አገር ሥራ ከሆነ አያመንቱ፣ የሚጠየቀው የፌዴራሉ ነው፤ ከዚያም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ አለበት።

ጊዜውንም ይጠይቁ። ማስታወቂያው «ከ3 ወር ወዲህ የወጣ» ወይም «ከ6 ወር ወዲህ የወጣ» ካለ ቀኑ የሚቆጠረው በወረቀቱ ላይ ከተጻፈው ቀን ነው። ፈተናና ቃለ መጠይቅ ሳያልፉ ቀድመው አውጥተው ማስቀመጥ ብልህነት ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ የሚያተርፈው ድጋሚ መክፈል ነው።

የሚያዘው ወረቀት ብዙ አይደለም፦ የታደሰ የቀበሌ መታወቂያ፣ ፋይዳ ወይም ፓስፖርት ከነኮፒው፣ በቅርብ ጊዜ የተነሱት ጉርድ ፎቶግራፍ (አራት ይያዙ፣ ሁለት ቢበቃም)፣ የአገልግሎት ክፍያ፣ እንዲሁም የቀጣሪው የትብብር ደብዳቤ። ሰው የሚጉላላው በደብዳቤው ነው። ደብዳቤው ለፖሊስ ተቋሙ በስሙ የተጻፈ፣ ቁጥርና ቀን ያለው፣ የተፈረመበትና ማኅተም ያረፈበት፣ የእርስዎንም ስም እስከ አያት የያዘ መሆን አለበት። «ለሚመለከተው ሁሉ» ተብሎ የተጻፈ ወይም ቁጥር የሌለው ደብዳቤ ከመስኮቱ ሊመለስ ይችላል። የሰው ኃይል ክፍሉ ሲሰጥዎት እዚያው ቆመው ያንብቡት።

ሐዋሳ ላይ አንድ የተለየ ነገር አለ። ከተማዋ እስከ 2012 ዓ.ም. የደቡብ ክልል አካል ነበረች፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ሲዳማ ራሱን ችሎ ክልል ሆነ። የደቡብ ክልል ማኅተም ያለበት አሮጌ መታወቂያ ወይም የልደት ምስክር ወረቀት ይዘው ከሆነ መጀመሪያ ቀበሌዎ ሄደው ያሳድሱ። በሌላ ክልል ለዓመታት ኖረው የመጡም ይህንኑ ለቀጣሪው ቀድመው ይንገሩ፤ የፌዴራሉን የሚመርጥበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

አሁን ወደ ስም። አንዱ ወረቀት እስከ አባት፣ ሌላው እስከ አያት ሲል፤ አንዱ የክርስትና ስም ወይም የቤት ስም ሲይዝ፤ ነገሩ ይቆማል። የ«ሠ» እና የ«ሰ»፣ የ«ፀ» እና የ«ጸ» ልዩነት በአማርኛው ላይ እምብዛም አያጣላም። የሚያጣላው የላቲኑ ፊደል ነው። «ፀጋዬ» በፓስፖርት በ«ቲ» እና «ኤስ» ተጀምሮ፣ በዲግሪው ላይ በ«ኤስ» ብቻ ከተጻፈ፣ ለውጭ አገር ቀጣሪ ሁለት ሰው ነው። ፓስፖርት ካለዎት የፓስፖርቱን አጻጻፍ ለመዝጋቢው በወረቀት ጽፈው ይስጡ፤ በቃል ፊደል መቁጠር ስህተት ይወልዳል።

የልደት ቀንም እንዲሁ ነው። ብዙዎች ከኢትዮጵያው ዓመት ላይ በጅምላ 8 ይደምራሉ። ኅዳር 15 ቀን 1992 የተወለደ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 25 ቀን 1999 ነው። ጥር 15 ቀን 1992 የተወለደ ግን ጃንዋሪ 24 ቀን 2000 ነው። በአንድ የኢትዮጵያ ዓመት የተወለዱ ሁለት ሰዎች በፈረንጅ ሁለት ዓመት ላይ ይወድቃሉ፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 21 ወይም 22 የሚደመረው 7፣ ከፈረንጆቹ አዲስ ዓመት በኋላ 8 ነውና።

አሻራው ራሱ ደቂቃዎች ቢወስድ ነው፤ ከተበላሸ ግን እንደገና ነው። በቀለም ሲሆን አሥሩም ጣት ከቀኝ አውራ ጣት ጀምሮ በተራ ይነሳል። እያንዳንዱ ጣት ከጥፍሩ አንድ ጎን እስከ ሌላው ጎን ይንከባለላል፣ ከዚያ አራቱ ጣቶች አንድ ላይ፣ አውራ ጣቶቹም ለብቻቸው ጠፍጠፍ ተደርገው ይታተማሉ። ስህተቱ የሚመጣው ባለጉዳዩ «ላግዝ» ሲል ነው። ጣቱን ራሱ ሲጫን በመስመሮቹ መካከል ያለው ክፍተት በቀለም ይሞላና ጥቁር ነጥብ ብቻ ይቀራል፤ ራሱ ሲያንከባልል ደግሞ ይንሸራተትና መስመሩ ይደበዝዛል። ትከሻን ዝቅ አድርጎ፣ እጅን ለቆ፣ ዓይንን ከወረቀቱ ላይ አንስቶ ሌላ ቦታ ማየት ነው መፍትሔው።

ግንበኞች፣ በረኪና የሚነኩ የጽዳት ሠራተኞችና ልብስ አጣቢዎች፣ አረጋውያንም የጣታቸው መስመር ስለሚሳሳ አሻራቸው አልነበብ ይላል። ከቀጠሮው በፊት ለአንድ ሳምንት ማታ ማታ እጅን ቅባት መቀባት፣ ሲሚንቶና በረኪና በባዶ እጅ አለመንካት ይረዳል። በቀጠሮው ቀን ጠዋት ግን ቅባት አይነካም፤ ለብ ባለ ውኃና ሳሙና ታጥቦ በደንብ ማድረቅ ብቻ። እጅዎ የሚያልብ ከሆነ መሐረብ ይያዙ። የተቆረጠ ወይም የቆሰለ ጣት ካለ ለአንሺው ይንገሩ፤ ምክንያቱ በዚያ ጣት ቦታ ላይ ይጻፋል። ቁስሉ የሚድን ከሆነ ቀጠሮውን ማራዘም ይሻላል።

ለፋይዳ የሰጡት አሻራ ለዚህ አይተካም። ያኛው ማንነትን ለመለየት ነው፤ ይህኛው ከወንጀል መዝገብ ጋር ለማመሳከር።

መዝገብ ላይ ስም ከተገኘ ነገር ሁሉ አለቀ ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ተይዞ አሻራ ሰጥቶ የተለቀቀ ሰው ነው፤ ውሳኔው ወደ ፖሊስ መዝገብ ስላልተመለሰ ጉዳዩ ክፍት መስሎ ይታያል። መፍትሔው ወረቀቱን ማምጣት ነው። ዐቃቤ ሕግ ማስረጃ አይበቃም ብሎ ከዘጋው፣ በተለምዶ «በ42 ተዘጋ» የሚባለውን የውሳኔ ግልባጭ፤ ፍርድ ቤት «ተከላከል» ሳይል ካሰናበተው በ141፣ ተከላክሎ ነፃ ከወጣም የዚያን ፍርድ ግልባጭ፣ በፍርድ ቤቱ ማኅተም። ቁጥሮቹ የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጾች ናቸው። የመዝገብ ቁጥሩ ከጠፋዎት ያዘዎት ጣቢያ ወይም ፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር ዘንድ ሄደው በስምና በዓመት ይፈለግልኝ ይበሉ፤ ሕዝብ በሚበዛበት ሰኞ ባይሆን ጥሩ ነው።

ተፈርዶበት ቅጣቱን ለጨረሰ ሰውም መንገድ አለ፣ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ «መሰየም» ይለዋል፦ ጽኑ እስራት ከነበረ ቅጣቱ ካበቃ ቢያንስ 5 ዓመት፣ በሌሎች ቅጣቶች ቢያንስ 2 ዓመት አልፎ፣ ጠባዩ መልካም ከሆነና በፍርድ የተወሰነበትን ካሳ በአቅሙ ከከፈለ፣ ለፍርድ ቤት አመልክቶ ፍርዱ ከመዝገብ እንዲሰረዝ መጠየቅ ይችላል። ጊዜው ስላለፈ ብቻ በራሱ አይሰረዝም፤ ማመልከት ግዴታ ነው።

ለቀጣሪዎችም ሁለት ቃል። መቶ አመልካች ሁሉ ማስረጃውን እንዲያመጣ ማስገደድ ድሀን ማስከፈል ነው፤ ካለፉት ሁለት ሦስት ሰዎች ብቻ ይጠየቅ። ክስ ላይ ያለ ሰውም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 መሠረት እስኪፈረድበት ድረስ ንጹሕ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የወንጀል ጉዳይን ጥብቅ ጥበቃ ከሚሹ መረጃዎች ይመድባል፤ ማስረጃው ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ የሚዞር ወረቀት መሆን የለበትም። ጥርጣሬ ካለ ቁጥሩንና ቀኑን ጠቅሶ ለሰጠው ተቋም ደብዳቤ መጻፍ እንጂ ማኅተሙን በዓይን መመርመር ማጣሪያ አይሆንም። የተያዥ ደብዳቤም ሆነ የቀድሞው መሥሪያ ቤት ክሊራንስ ይህን ማስረጃ አይተኩም፤ ሦስቱ የሚመልሱት ጥያቄ የተለያየ ነው።

«ሳትሄድ በአንድ ቀን አወጣልሃለሁ» የሚል ደላላ ካጋጠመዎት፣ አሻራዎን ሳይሰጡ የሚወጣ ወረቀት ሐሰተኛ ነው፤ በሐሰተኛ ሰነድ መገልገል ደግሞ ራሱ ወንጀል ነው።

ወረቀቱ ሲሰጥዎት ከመስኮቱ ሳይርቁ ስምዎን እስከ አያት፣ የልደት ቀኑን፣ ቁጥሩንና የተሰጠበትን ቀን ያንብቡ፤ ማኅተሙ ከፊሉ ፎቶው ላይ፣ ከፊሉ ወረቀቱ ላይ ማረፉን ይዩ። እዚያው ሲታይ በአንድ ደቂቃ የሚታረም ፊደል ነገ አዲስ ማመልከቻ ይሆናል። ለቀጣሪው ዋናውን አሳይተው ኮፒውን ይስጡ። ላሚኔት ግን አያስደርጉት፤ በፕላስቲክ ላይ ውጭ ጉዳይም ሆነ ሌላ አረጋጋጭ ማኅተም ሊያሳርፍ አይችልም።