እርሾ ውስጥ ፕሮቲን ሲጀመር፦ ተማሪዎቼ የሚሳሳቱባቸው ነገሮች

ለገጣፎ ቤቴ በረንዳ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ባዮሎጂ አስጠናለሁ። የእርሾ ማይቶኮንድሪያ (የሴሉ ጉልበት ማመንጫ ክፍል) ውስጥ ፕሮቲን መሠራት እንዴት እንደሚጀመር ላይ ስንደርስ ሁሌም እነዚያው ስህተቶች ይመጣሉ።

አንደኛው ከስሙ ይነሳል። እርሾ ሲባል ሁሉም የእናቱ ቡሃቃ ትዝ ይለዋል። የእንጀራው እርሾ ብዙ ዓይነት እርሾና ባክቴሪያ አብረው የሚኖሩበት ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚጠናው ግን የዳቦው እርሾ ነው።

ሁለተኛው፦ "ማይቶኮንድሪያ የራሱ ዲኤንኤ ስላለው ፕሮቲኑን ሁሉ ራሱ ይሠራል።" የት አግኝቶ! የእርሾው ማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ የሚያዘው 8 ዋና ዋና ፕሮቲኖችን ብቻ ነው። የቀሩት በኒውክለስ (የሴሉ ዋና ዲኤንኤ መቀመጫ) ትእዛዝ ከማይቶኮንድሪያው ውጭ ተሠርተው ይገባሉ።

እኔን የሚያናድደኝ ሦስተኛው ነው። "ራይቦዞሙ (ፕሮቲን የሚሠራው ማሽን) የሚጀምርበትን መነሻ ራሱ ፈልጎ ያገኛል" ይላሉ። ባክቴሪያ ላይ መልእክቱ (ከጂኑ የተቀዳው ኤምአርኤንኤ) ራይቦዞሙን የሚጠራ ምልክት አለው። የእርሾ ማይቶኮንድሪያ ላይ እንዲህ ያለ ምልክት አይሠራም። "ጀምር" የሚሉት ከኒውክለስ የሚታዘዙ ረዳት ፕሮቲኖች ናቸው፤ ደግሞም እያንዳንዱ የየራሱ ሥራ አለው። ኮክስ1፣ ኮክስ2 እና ኮክስ3 ማይቶኮንድሪያው ራሱ የሚሠራቸው፣ ተገጣጥመው የአንድ ትልቅ ኢንዛይም ክፍል የሚሆኑ ፕሮቲኖች ናቸው። ኮክስ2 ፔት111 የሚባለው ረዳት ከሌለ አይጀመርም። ኮክስ3 ሦስት ረዳት ይፈልጋል፦ ፔት54፣ ፔት122 እና ፔት494። ፔት111 ከተበላሸ የኮክስ2 ጂን ደህና ሆኖ ሳለ ፕሮቲኑ የለም።

ኮክስ1 ላይ ነገሩ ይጣፍጣል። ኤምኤስኤስ51 የሚባለው ረዳት ሥራውን ያስጀምራል፤ አዲሱ ኮክስ1 ሲወጣ ደግሞ እሱኑ ይዞ ይቆማል። ሰፈራችን ግንባታ የማያልቅበት ነውና እንዲህ አስረዳቸዋለሁ፦ ሲሚንቶ የሚያቦካው ልጅ ብሎኬት ታቅፎ ግንበኛውን እየጠበቀ ከሆነ ማን ያቦካል? ኮክስ1 ኢንዛይሙ ውስጥ ቦታውን ይዞ መገጣጠሙ ሲቀጥል ኤምኤስኤስ51 ይለቀቃል፣ አዲሱም ይጀመራል። መገጣጠሙ ከተጓተተ መጀመሩም ይቀንሳል።

"ማይቶኮንድሪያው ካልሠራ እርሾው ይሞታል" የሚሉም አሉ። አይሞትም። ግሉኮስ ካገኘ እያብላላ ይኖራል፣ ሳህን ላይ የሚሠራው ክምችት (ኮሎኒ) ትንሽ ቢሆንም። ሊያብላላው የማይችለውን ግሊሰሮል ብቻ ከሰጣችሁት ግን ንቅንቅ አይልም።

የመጨረሻው የኮድ ሠንጠረዥ ነው፤ ሦስት ሦስት የሆኑት የመልእክቱ ፊደላት የትኛውን አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን ጡብ) እንደሚያዙ የሚያሳየው። ዩጂኤ በተለመደው ሠንጠረዥ "ቁም" ነው፤ እርሾው ማይቶኮንድሪያ ውስጥ ግን ትሪፕቶፋን የሚባለው አሚኖ አሲድ ነው። ባለፈው ቅዳሜ አንዷ ተማሪ ኮክስ2ን በተለመደው ሠንጠረዥ ስታነብ መሀል ላይ ቀረችብኝ። "ጋሼ፣ ይሄ ጂን ጎዶሎ ነው" አለች። ሠንጠረዡን ቀየርንላት፤ እስከ መጨረሻው አነበበችው።