ቫለንሲ ሳይሸመድዱ
የኤለመንቶችን ቫለንሲ (አቶሙ ሲጣመር የሚሰጠውን፣ የሚቀበለውን ወይም የሚጋራውን የኤሌክትሮን ብዛት) አንድ በአንድ መሸምደድ ሰልችቷችኋል? የኤሌክትሮን አደረጃጀቱን (ከውስጥ ወደ ውጭ በእያንዳንዱ ሼል፣ ማለትም በአቶሙ ንብርብር፣ ስንት ኤሌክትሮን እንዳለ) ጻፉና የመጨረሻዋን ቁጥር ብቻ እዩ። ከ1 እስከ 4 ከሆነች ቫለንሲው ራሷ ናት። ከ5 እስከ 7 ከሆነች ከ8 ላይ ቀንሷት። 8 ከሆነች ዜሮ።

አሉሚኒየም 2፣ 8፣ 3 ነው፤ ቫለንሲው 3። ኦክስጅን 2፣ 6 ነው፤ ከ8 ላይ 6 ሲቀነስ 2።

የሚሠራው አቶሞች የውጭ ሼላቸው እንዲሞላ ቀላሉን መንገድ ስለሚመርጡ ነው። ለሶዲየም (2፣ 8፣ 1) አንዷን መስጠት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ እንደ መውረድ ነው፤ 7 መቀበል ግን ሽቅቡ!

ሂሊየም ላይ እንዳትሸወዱ። የመጀመሪያው ሼል በ2 ስለሚሞላ ቫለንሲው ዜሮ ነው። ብረትና መዳብ ላይ ደግሞ ጭራሽ አትሞክሩት። ብረት 2ም 3ም ይሆናል፤ እሱን ያው መሸምደድ ነው።