«ሮክ ዘ ካዝባ»ን የምትወዱ፣ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

የእንግሊዙ የፓንክ ሮክ ባንድ ዘ ክላሽ «ሮክ ዘ ካዝባ»ን ያወጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1982 ነው። ካዝባ የሰሜን አፍሪካ ከተሞች ጥንታዊ የግንብ ሰፈር ነው። ዘፈኑን የማያውቅ ጥቂት ነው። ችግሩ ብዙዎቻችን የያዝነው አዝማቹን ብቻ መሆኑ ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት የጦርነት ዘፈን አድርጎ መውሰድ ነው። በ1991 የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ጊዜ ርዕሱ ኢራቅ ላይ በሚጣል የአሜሪካ ቦምብ ላይ ተጽፎ ነበር። ግጥሙን የጻፈው ጆ ስትረመር ይህን ሲሰማ እንዳለቀሰ ይነገራል። አይፈረድበትም። ታሪኩን እስከ መጨረሻው ስሙት። ንጉሡ ሙዚቃ ይከለክላል። ሕዝቡ እምቢ ብሎ ይጨፍራል። ንጉሡ ይናደድና የጦር አውሮፕላኖቹን በገዛ ሕዝቡ ላይ ይልካል። አብራሪዎቹ ግን ትእዛዙን ወደ ጎን ትተው ሬዲዮ ከፍተው ሙዚቃ ያዳምጣሉ። እንግዲህ ቦምብ አንጥልም ላሉ አብራሪዎች የተዘፈነውን ነው ቦምብ ላይ የጻፉት።

«አረቦችን ለመስደብ የተዘፈነ ነው» የሚሉም አሉ። እኔ አልስማማም። መነሻው ከ1979ኙ አብዮት በኋላ ኢራን ውስጥ ሙዚቃ ላይ የተጣለው እገዳ ነው፤ ጆም የቆመው ከሚጨፍረው ሕዝብ ጎን ነው። እርግጥ የአረቡንም የሕንዱንም ባህል አንድ ላይ ደባልቆታል። በዚህ ቢወቀስ ያንሰዋል እንጂ አይበዛበትም። ዶን ሌትስ ቴክሳስ፣ ኦስቲን ውስጥ የቀረጸው ክሊፕ ግን አንድ አረብና አንድ አጥባቂ አይሁዳዊ አብረው ሲጨፍሩ ያሳያል።

ክሊፑ ራሱ ሌላ ስህተት ያመጣል። ድራም ሲመታ የምታዩት ቴሪ ቻይምስ ነው። ዜማውን የፈጠረው ግን ከሱ በፊት የባንዱ ድራመር የነበረው ቶፐር ሂደን ነው። ኒውዮርክ፣ ኤሌክትሪክ ሌዲ ስቱዲዮ ውስጥ ጓደኞቹ ሳይደርሱ ድራሙን፣ ፒያኖውንና ቤዙን በየተራ ብቻውን ተጫውቶ ቀዳ። ሌሎቹ ጊታርና ድምፅ ጨመሩበት። ቶፐር የራሱ ግጥም ነበረው፤ ጆ ትቶት አዲስ ጻፈ። ከዚያ ሜይ 1982 ላይ ቶፐር በሄሮይን ሱሱ ምክንያት ከባንዱ ተባረረ። ዘፈኑ አሜሪካ ውስጥ 8ኛ ደረጃ ላይ ሲወጣ ከነሱ ጋር አልነበረም። ይህን ሳስብ ሁሌም አንጀቴን ይበላኛል። ቢያንስ ስሙን እናንሳለት።

ፓንክ ጩኸት ብቻ ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ የዚህን ዘፈን ፒያኖ ክፈቱለት። ሰውነት አያስቀምጥም። ጆሮ ለሰጠው ደግሞ መሃል ላይ የጊታሪስቱ የሚክ ጆንስ ዲጂታል የእጅ ሰዓት ሲጮህ ይሰማል።

ዘፈኑ በአገሩ አንደኛ ወጥቷል ማለትም ልክ አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ በ1982 ከ30ኛ አላለፈም፤ በ1991 እንደገና ሲወጣም 15ኛ ላይ ቆመ። እዚያ አንደኛ የወጣላቸው «ሹድ አይ ስቴይ ኦር ሹድ አይ ጎ» የተባለው ሌላው ዘፈናቸው ነው፤ እሱም በ1991፣ የጂንስ ማስታወቂያ ከሆነ በኋላ።