የቆየ የልጆች ተረትን ወደ አኒሜሽን ፊልም እንዴት መቀየር ይቻላል?

ሁላችንም አንድ የማይረሳን የልጅነት መጽሐፍ አለን። እንስሳት የሚያወሩበት፣ አንድ በር ተከፍቶ ሌላ ዓለም የሚገባበት ዓይነት። «ይሄ እኮ ፊልም ቢሆን!» እንላለን። ከዚያ ኮምፒውተር ከፍተን የዘንዶውን ጥርስ መሣል እንጀምራለን። ከሦስት ወር በኋላ በጣም የሚያምር ዘንዶ አለን። ፊልም ግን የለም።

እኔም ደርሶብኛል። የእኔ ዘንዶ ሳይሆን ቤተ መንግሥት ነበር። ፋይሉ እስካሁን አለ፤ አንድም ሰው ገብቶበት አያውቅም።

የሥራው ቅደም ተከተል ሌላ ነው። ከባዱ ነገር የሚያልቀው እርሳስ ወረቀት ሳይነካ ነው።

1. መጽሐፉ የማን እንደሆነ አጣሩ

ይህ ክፍል አሰልቺ ነው። ግን ዘላችሁት ካለፋችሁ ልፋታችሁን ውሃ ይበላዋል። በርን በተባለው ዓለም አቀፍ የቅጂ መብት ስምምነት መሠረት የአንድ ድርሰት የቅጂ መብት ደራሲው ከሞተ በኋላ ቢያንስ 50 ዓመት ይቆያል። በብዙ አገሮች 70 ዓመት ነው። ጊዜው ካለፈ ማንንም ሳትጠይቁ ፊልም ልታደርጉት ትችላላችሁ። ካላለፈ ግን ከመብቱ ባለቤት ጋር የጽሑፍ ውል መፈራረም ግድ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ደራሲው የሞተበትን ዓመት ፈልጉ፤ ቀጥሎ ፊልሙ የሚታይበትን አገር ሕግ እዩ።

ወጥመዱ ያለው በኋላ በተጨመሩት ነገሮች ላይ ነው። ዋናው ድርሰት ነጻ ቢሆንም ትርጉሙ የተርጓሚው፣ ሥዕሎቹም የሠዓሊው ሊሆኑ ይችላሉ። ከዚህ በፊት የተሠራ ፊልም ካለ እሱም የራሱ መብት አለው። የስኖው ዋይትን ተረት ውሰዱ። የግሪም ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1812 ሲያሳትሙት ሰባቱ ድንኮች ስም አልነበራቸውም። ዛሬ ልጅ ሁሉ የሚያውቃቸው ስሞች የመጡት ከ1937ቱ የዲዝኒ ፊልም ነው። ሰባት ድንኮችን መሣል ትችላላችሁ፤ እነዚያን ስሞች ግን መውሰድ አትችሉም። የኦዝ ታሪክም እንዲሁ ነው። ደራሲው ፍራንክ ባውም በ1900 ሲጽፈው የዋናዋ ገጸ ባሕርይ የዶሮቲ ጫማ ብርማ ነበር። ቀይ የሆነው በ1939ኙ ፊልም፣ የቀለም ፊልም ጉድ በተባለበት ዘመን፣ ቀለሙ ጎልቶ እንዲታይ ተብሎ ነው።

ብዙ ሰው ተረቱን አውቀዋለሁ ሲል የሚያውቀው ፊልሙን ነው። ስለዚህ ትዝታችሁን አትመኑ፤ መጽሐፉን ክፈቱ።

2. አንብቡት፣ ከዚያ ደብቁት

ሁለት ጊዜ አንብቡት። አንዴ እንደ ልጅ፣ አንዴ እርሳስ ይዛችሁ። ከዚያ ለአንድ ሳምንት አትንኩት። ሳምንቱ ሲያልቅ መጽሐፉን ሳታዩ ታሪኩን ለአንድ ሰው በአሥር ደቂቃ ተርኩለት። ሰሚው ልጅ ከሆነ በጣም ጥሩ። ስትተርኩ በስልካችሁ ቅዱት።

ቅጂውን ስታዳምጡ ሦስት ነገር ታገኛላችሁ። አንደኛው ዓይናችሁ እያበራ የተረካችሁት ነው፤ የፊልሙ አጥንት እሱ ነው። ሁለተኛው ጭራሽ የረሳችሁት ነው፤ ፊልሙ ውስጥም አያስፈልግ ይሆናል። ሦስተኛው «እ... ከዚያ... ቆይ...» እያላችሁ የተደናገራችሁበት ቦታ ነው። እዚያ ላይ ታሪኩ ራሱ ቋጠሮ አለው። ልጁ «ከዚያስ?» ካለ ደህና ነው። «ለምን?» ካለ አንድ ነገር ጎድሏል ማለት ነው፤ ጻፉት።

3. የታሪኩን ውል ፈልጉ

ውል ስል ታሪኩን ከዳር እስከ ዳር የሚያያይዘውን ክር ማለቴ ነው። አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ ትንሽ ልቆይበት።

የድሮ የልጆች ታሪኮች ብዙዎቹ የተጻፉት ቁርጥራጭ ሆነው እንዲነበቡ ነው። ጣሊያናዊው ካርሎ ኮሎዲ የእንጨት አሻንጉሊቱን የፒኖኪዮን ታሪክ ከ1881 እስከ 1883 በልጆች ጋዜጣ ላይ በተከታታይ ክፍል ነው ያወጣው። በየክፍሉ አዲስ ሰው፣ አዲስ ጉድ ይመጣል። ለንባብ ይህ ድንቅ ነው። ልጁ አንድ ምዕራፍ ሰምቶ ይተኛል፣ ነገ ሌላ ይሰማል። ፊልም ግን በአንድ ቁጭታ ያልቃል። «ከዚያ ወንዝ ጋ ደረሰች፤ ከዚያ ጉጉት አገኘች፤ ከዚያ...» ሲባል አርባ ደቂቃ ላይ ተመልካቹ ወንበሩ ላይ መገላበጥ ይጀምራል።

ነገሩን በምሳሌ እንየው፤ ተረቱን አሁን ነው የፈጠርኩት። አንዲት ልጅ የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ ጫካ ትገባለች። በእጇ አያቷ የሰጧት መብራት አለ። መብራቱ እሷ በዋሸች ቁጥር ይደበዝዛል። መጽሐፉ አሥራ ሁለት ምዕራፍ አለው እንበል። እያንዳንዱን ምዕራፍ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉና ጠረጴዛ ላይ ደርድሩ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ እዚህ ምዕራፍ ውስጥ ልጅቷ እንድትዋሽ ወይም እውነት እንድትናገር የሚያስገድዳት ነገር አለ? ካለ ይቆይ። ከሌለ ይውጣ። በሁለት ወረቀቶች መካከል «ከዚያ» ብቻ ካለ ግንኙነቱ ልል ነው። «ስለዚህ» ወይም «ግን» ማለት ከቻላችሁ ይዟል።

ጫካ ውስጥ ሕልም የሚሸጥ አንድ ግዙፍ ሰው ቢኖርስ? ያስቃል፣ ያምራል፣ ልጆች ይወዱታል። ግን የልጅቷን ውሸት አይነካም። ስለዚህ ይወጣል። ምርጥ ንግግሩን ልጅቷ ጫካ ውስጥ ለምታገኘው ጉጉት ስጡት። ሁለት ሦስት ገጸ ባሕርያትን ወደ አንድ ማጠፍ እዚህ ሥራ ውስጥ የተለመደ ነው። ያማል፤ በተለይ በልጅነታችሁ የምትወዱት ከሆነ።

በመጨረሻ ሁሉንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። ማን፣ ምን ይፈልጋል፣ ምን ይከለክለዋል፣ ለማግኘት ምን መክፈል አለበት? «ውሸት የለመደች ልጅ ወንድሟን ለማግኘት እሱ የጠፋው በእሷ ጥፋት መሆኑን ማመን አለባት።» ውሉ ይህ ነው። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፉት።

4. ተራኪውን አሰናብቱ

መጽሐፍ ሰው ልብ ውስጥ እንደልቡ ይገባል። «ልጅቷ ፈራች፤ ግን እንዳይታወቅባት ፈለገች» ብሎ ያልፋል። ካሜራ ይህን ማየት አይችልም። ቀላሉ መፍትሔ ተራኪ ድምፅ አስገብቶ ዓረፍተ ነገሩን ማንበብ ነው። አታድርጉት። መግቢያ ላይ አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል።

ይልቅ ስሜቱን ወደሚታይ ነገር ለውጡት። ልጅቷ ጮክ ብላ ትዘፍናለች፤ መብራቱን የያዘው እጇ ግን ይንቀጠቀጣል። ወይም «አልፈራሁም» ትላለች፤ መብራቱ ይደበዝዛል። ተመልካቹ የቀረውን ራሱ ይጨርሰዋል።

ሌላው ዘዴ የምታናግረው ሰው መስጠት ነው። በኮሎዲ መጽሐፍ ተናጋሪው ፌንጣ ገና በአራተኛው ምዕራፍ በመዶሻ ተመትቶ ይሞታል። የ1940ው የዲዝኒ ፊልም ግን ከሞት አድኖ እስከ መጨረሻው የፒኖኪዮ ጓደኛ አደረገው። እንደ እኔ ግምት ይህ ለልጆች ማዘን ብቻ አይደለም። በመጽሐፉ ተራኪው የሚሠራውን ሥራ በፊልሙ ፌንጣው ይሠራዋል።

በቃላት ጨዋታ ላይ የቆመ ታሪክ ከመረጣችሁ ግን ተዘጋጁ። የቃል ቀልድ አይሣልም። በሚታይ ቀልድ ተኩት፤ ካልሆነ ተዉት።

ስክሪፕቱን ስትጽፉ አንድ ገጽ በግምት አንድ ደቂቃ ነው። ለመጀመሪያ ሥራ አሥር ገጽ በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ድፍረት ነው። ምክንያቱን ወረድ ብለን በቁጥር እናያለን።

5. ለአስማቱ ሕግ፣ ለፍርሃቱ ልክ አብጁ

አስማት ያሻውን ማድረግ ከቻለ ማንም አይጨነቅም። መብራቱ ምን ያደርጋል? ምን አያደርግም? ሕጉን በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች፣ በትንሽ ነገር አሳዩ። ልጅቷ ማሩን ሰርቃ ትልሳለች፣ «እኔ አይደለሁም» ትላለች፣ መብራቱ ብልጭ ብሎ ይደበዝዛል። አለቀ፤ ማብራሪያ አያስፈልግም። ከዚህ በኋላ ሕጉን ራሳችሁ አትጣሱት። ጫፍ ላይ ስትደርሱ መብራቱ ያለምክንያት ቦግ ካለ ልጆች ወዲያው ይነቁባችኋል።

ስለ ፍርሃት ደግሞ ሁለት ስህተት አለ። አንዱ አስፈሪውን ሁሉ አጽድቶ ተረቱን ውሃ ማድረግ ነው። ሌላው መጽሐፉ ላይ ስላለ ብቻ እንዳለ ማሳየት ነው። «ጭራቁ ልጁን በላው» የሚል ዓረፍተ ነገር ሰሚው በአቅሙ ልክ ይሥለዋል፤ ሥዕል ግን ምርጫ አይሰጥም። ስለዚህ ጭራቁን ከማሳየት ጥላውን አሳዩ። ቆይታውን አሳጥሩ። ወዲያው ተመልካቹ የሚተነፍስበት ትዕይንት አስከትሉ።

6. ገጸ ባሕርያቱን ሥሩ፤ ግን ሒሳብ እያሰባችሁ

ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ነጠላ ምስል ነው። ብዙ በእጅ የሚሣል አኒሜሽን አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ይጠቀምበታል፤ ስለዚህ በሰከንድ 12 ሥዕል ማለት ነው። ለአሥር ደቂቃ 7,200 ሥዕል ይሆናል። አሁን የልጅቷ ቀሚስ ላይ አበባ መጥለፍ ያምራችኋል? አንድ አበባ ማለት 7,200 አበባ ነው። መስመር ቀንሱ።

እያንዳንዱን ገጸ ባሕርይ ሙሉ በሙሉ በጥቁር ቀለም ሙሉት። በጥላው ብቻ ማን እንደሆነ ከታወቀ ጥሩ ነው። ሁሉም ድንች ከመሰሉ ድገሙት። ከዚያ ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ ሥላችሁ ሁሉንም በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን አቁሟቸው፤ ቁመታቸው ከትዕይንት ትዕይንት እንዳይለዋወጥ።

ስልቱንም አሁን ምረጡ። ጀርመናዊቷ የአኒሜሽን ባለሙያ ሎተ ራይኒገር ከሺህ አንድ ሌሊት ተረቶች የወሰደችውን የልዑል አህመድ ፊልሟን በ1926 ያወጣችው በመቀስ ከተቆረጡ ጥቁር የወረቀት ቅርጾች ነው። ሙሉ ፊልም ነው፤ ሦስት ዓመት ገደማ ፈጅቷል። ፊት የላቸውም፣ በጥላ ብቻ ነው የሚታዩት፤ ግን ይገባችኋል። ባለሦስት አውታር አኒሜሽን ከፈለጋችሁ ብሌንደር የተባለው ፕሮግራም በነጻ ይገኛል። በ2025 የኦስካር የአኒሜሽን ሽልማት የወሰደው ፍሎው የተሠራው በእሱ ነው፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድም ቃል የማይነገርበት ፊልም ነው።

7. ስቶሪቦርድ፣ ከዚያ አኒማቲክ

ስቶሪቦርድ ፊልሙን በትንንሽ ሥዕሎች መጻፍ ነው። ውበት አይጠይቅም፤ ጭንቅላቱ ክብ፣ አካሉ እንጨት ቢሆንም ይሠራል። ማን የት እንደቆመ፣ ካሜራው ከየት እንደሚያይ ይታወቅ፤ ይበቃል። ተነቅሎ ሊዛወር በሚችል ቁራጭ ወረቀት ላይ ሥሩት፤ ብዙ ታዛውራላችሁና።

ከዚያ ሥዕሎቹን ፎቶ አንሷቸው። በቪዲዮ ማቀናበሪያ ላይ በጊዜያቸው ደርድሯቸው። ንግግሩን ራሳችሁ በስልክ ቅዱና አስገቡበት። ይህ አኒማቲክ ይባላል። አስቀያሚ ነው፣ ድምፃችሁም ያሳፍራል። ግን ፊልሙ ይሠራ እንደሆነ የሚነግራችሁ እሱ ብቻ ነው። ከዚህ በኋላ አንድ ደቂቃ መቁረጥ የሳምንታት ሥራ መጣል ነው፤ አሁን ግን አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው።

ለልጆች አሳዩት። እናንተ ስክሪኑን አትዩ፤ እነሱን እዩ። «ወደዳችሁት?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ልጅ ሲፈልግ ይሉኝታ ያውቃል። የተቁነጠነጡበትን ደቂቃ ጻፉ። እዚያ ላይ መቀስ አሳርፉ።

8. ድምፅ፣ እንቅስቃሴ፣ እንደገና ድምፅ

የተዋናዮቹን ድምፅ ከአኒሜሽኑ በፊት ቅዱ። አፉ ድምፁን ይከተላል እንጂ ድምፁ አፉን አይከተልም። ተዋናይዋ ያላሰባችሁትን ሳቅ ከሳቀች አኒሜሽኑ በዚያ ሳቅ ላይ ይሠራል። ሲቀዱ ፊታቸውን በቪዲዮ አንሱ፤ በኋላ ለሥዕሉ ይጠቅማችኋል።

እንቅስቃሴውን ስትሠሩ መጀመሪያ ዋና ዋናዎቹን አቋሞች ብቻ ሥሩ። ልጅቷ ቆማ፣ ልጅቷ ጎንበስ ብላ። መሃሉን በኋላ ሙሉት። ከቀላሉ ትዕይንት ጀምሩ፤ ዋናውን ትዕይንት እጃችሁ ሲፍታታ ትመጡበታላችሁ።

በመጨረሻ የአካባቢ ድምፅና ሙዚቃ ይገባል። የደረቀ ቅጠል፣ የመብራቱ እጀታ ሲጢጢ ማለት፣ የልጅቷ ትንፋሽ። እነዚህን ራሳችሁ ቤት ውስጥ መቅዳት ትችላላችሁ። ሙዚቃውን ከዳር እስከ ዳር አታንጣፉት። ልጅቷ የመጨረሻውን ውሸት ስትዋሽና መብራቱ ድርግም ሲል ሙዚቃውንም አጥፉት። ሁለት ሰከንድ ጸጥታ። ልጆች አጠገባቸው ያለውን ሰው እጅ የሚፈልጉት ያኔ ነው።