የግንባታ ውል «አጠቃላይ ሁኔታዎች»ን እንዴት አንብቦ መረዳት ይቻላል

ጨረታ ያሸነፈ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ዋጋውን፣ ቀጥሎ የሥራ ዝርዝሩን ነው። «አጠቃላይ የውል ሁኔታዎች» የሚባለው ወፍራም ጥራዝ በየገጹ ፊርማና ማኅተም ያርፍበትና መሳቢያ ይገባል፤ የሚወጣው ጠብ ሲነሳ ነው። ደብረ ማርቆስ አካባቢ በሠራሁባቸው የመጀመሪያ ዓመታት እኔም እንደዚሁ ነበርኩ።

መጀመሪያ የያዙት ሰነድ የትኛው እንደሆነ ይለዩ። «አጠቃላይ» የተባለው ለእርስዎ ሕንፃ ብቻ ስላልተጻፈ ነው። የመንግሥት ሥራ ከሆነ ብዙውን ጊዜ መደበኛው የግዥ ሰነድ ነው፤ በውጭ ብድር የሚሠራ መንገድ ከሆነ ፊዲክ (የዓለም አቀፉ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን ያወጣው መደበኛ ውል) የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ፊዲክም ቢሆን እትሙ ይለያያል፦ «ቀይ መጽሐፍ» የሚባለው የግንባታ ውል የ1999 (እ.ኤ.አ.) እትሙ 20 አንቀጾች አሉት፣ የ2017 ደግሞ 21። ስለዚህ ከሌላ ተቋራጭ የሰሙትን የአንቀጽ ቁጥር ሳያረጋግጡ በደብዳቤዎ ላይ አይጥቀሱ።

ከዚያ ለእርስዎ ሥራ ብቻ የተጻፉትን ልዩ የውል ሁኔታዎች ጎን ለጎን ይዘርጉ። ሁለቱ ሲጋጩ የሚጸናው ልዩው ነው። እኔ እርሳስ ይዤ፣ በልዩው የተቀየረውን ከአጠቃላዩ ላይ እሰርዝና ዳር ላይ ቁጥሩን እጽፋለሁ። አሰልቺ ነው፣ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ገንዘቡ ያለው ግን እዚያ ነው፤ የቅድመ ክፍያው መጠን፣ ከየክፍያው የሚያዘው ሪቴንሽን፣ የመዘግየት ቅጣቱ። ቅጣቱን እዚያው በብር ያስሉት። በቀን 0.1 በመቶ ሲባል ኢምንት ይመስላል፤ በ10 ሚሊዮን ብር ውል ላይ ግን በየቀኑ 10,000 ብር ነው። ጣሪያው 10 በመቶ ከሆነ በ100ኛው ቀን 1 ሚሊዮን ሞላ ማለት ነው። ጣሪያው ሲሞላ ለአሠሪው ውሉን የማቋረጥ መብት የሚሰጡ ውሎች ብዙ ናቸው።

የትርጓሜውን ክፍል አይዝለሉት። በፊዲክ «ቀን» ማለት የዘመን መቁጠሪያ ቀን ነው፤ እሑዱም፣ ሠራተኛው ለፋሲካ አገሩ የገባበት ሳምንትም ይቆጠራል።

አሁን ወደ ዋናው። ቀን የተቆረጠባቸውን አንቀጾች ሁሉ እየለቀሙ በአንድ ወረቀት ላይ ያውጡ። በ1999ኙ ፊዲክ ተጨማሪ ጊዜ ወይም ገንዘብ የሚጠይቅ ተቋራጭ ምክንያቱን ካወቀበት ወይም ማወቅ ከነበረበት ዕለት ጀምሮ በ28 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለበት፤ ካለፈው መብቱ ቀረ። በሌላ ሰነድ ቁጥሩ ሌላ ነው፤ የራስዎን ይፈልጉ።

ይህን የተማርኩት በመረሬ፣ በጥቁሩ የሸክላ አፈር ነው። መሠረት እየቆፈርን 1.50 ሜትር ስንደርስ ጥቁሩ አፈር አላለቀም። ሥራውን የሚቆጣጠረው አማካሪ መሐንዲስ ተወካይ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆሞ «ቆፍሩ፣ በኋላ እንነጋገራለን» አለ። ቆፈርን፣ ሌላ አፈር አጓጉዘን ሞላን። ሥራው አልቆ ክፍያ ስንጠይቅ የመጣው መልስ አንድ መስመር ነበር፦ በወቅቱ በጽሑፍ አልተገለጸም። በእኛ አገር ለሚያውቁት ሰው ደብዳቤ መጻፍ ክስ የመመሥረት ያህል ይከብዳል፤ እኔንም የያዘኝ ይሉኝታ ነበር። መጻፍ የነበረብኝ ይህችን ብቻ ነው፦

«ቁፋሮው 1.50 ሜትር ሲደርስ በዲዛይኑ የተጠበቀው ጠንካራ አፈር አልተገኘም። ዛሬ ጠዋት በቃል በታዘዝነው መሠረት ቁፋሮውን ቀጥለናል። ይህ ተጨማሪ ጊዜና ወጪ ስለሚያስከትል፣ ትእዛዙ በጽሑፍ እንዲረጋገጥልን እየጠየቅን በውሉ አንቀጽ … መሠረት እናሳውቃለን።»

የደብዳቤው ወጪ ቁጥር፣ ቀን፣ ቅጂው ላይ የተቀባዩ ፊርማ። ስሌቱ በኋላ ይደርሳል።

ሁለት ነገሮች ላይ ብዙ ሰው በከንቱ ተስፋ ያደርጋል። አንዱ ዝናብ ነው። ፊዲክ ጊዜ የሚያራዝመው ከወትሮው እጅግ ለከፋ የአየር ሁኔታ ነው፤ የጎጃም ሐምሌና ነሐሴ መዝነቡን ደግሞ ዋጋ ሲሞሉም ያውቁታል። ክረምቱን ፕሮግራምዎ ውስጥ ያስገቡት። ሌላው የሲሚንቶና የፌሮ ዋጋ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አንቀጽ 1794፣ ተዋዋዮቹ በግልጽ ካልተስማሙ በቀር የጥሬ ዕቃ ዋጋ መናር ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት እንደማይባል ይደነግጋል። ስለዚህ የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ መኖር አለመኖሩን ከመፈረምዎ በፊት ይመልከቱ፤ ግልጽ ካልሆነ ጨረታው ሳይዘጋ በጽሑፍ ማብራሪያ ይጠይቁ።

የርክክቡ አንቀጽ ቀላል ነው። በጊዜያዊ ርክክብ ብዙውን ጊዜ የሪቴንሽኑ ግማሽ ይለቀቃል፤ ቀሪው የጉድለት ማረሚያው ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት፣ እስኪያልፍ ይቆያል። ቤት አሠሪ ከሆኑ ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንቀጽ 3039 ይያዙ፤ ተቋራጩ ለሥራው ጥራትና ለሕንፃው ጥንካሬ ከርክክቡ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ ነው።

ያቺን የቀናት ወረቀት ፋይል ውስጥ አይቅበሯት። የእኔ በሲሚንቶ መጋዘኑ በር ጀርባ ተለጥፋለች፤ ፎርማኑ ጠዋት ቁልፉን ሲከፍት ያያታል፣ ቀን ሲቃረብ ይደውልልኛል።